ሚዛን ያልደፋ ዜና

ወይዘሮ ጥሩዓለም በሰኔ ጭቃ ከአነደድ ድረስ መጡ፤
ደብረ ማርቆስ፣ ከጎሚስታው በላይ፣ የቢሯችንን ደረጃ ወጡ።
ጆንያውን የተሸከመው ልጅ እያለከለከ አወረደ፤
«መዝኑት» አሉን። አርባ ሦስት። ከሃምሳው፣ ሰባት ኪሎው የት ሄደ?

ሦስት ሳምንት ዞርሁ፣ ከደጀን እስከ አማኑኤል፣ ሚዛን ተሸክሜ፤
ስድሳ አንድ ጆንያ ማዳበሪያ መዘንሁ፣ ከገበሬው ጋር ቆሜ።
ስም ጻፍሁ፣ ቀን ጻፍሁ፣ የአከፋፋዩን ምላሽ ጠየቅሁ፤
«ነገ» አለኝ። ነገ ሄድሁ። «ነገ» አለኝ። ጠበቅሁ።

ሐሙስ ማታ፣ ገጹ ሊዘጋ፣ አዘጋጃችን እንዳላማው
ጠራኝ፤ ነገሩ ገባኝ፣ ገና «ልየው» ሲል ድምፁን ስሰማው።
«ሰውዬው የጀርባውን ገጽ ገዝቶታል። በቀለም። ለስድስት ወር።
የማተሚያ ቤቱን ዕዳ ታውቃለህ። ምን ላድርግ? ንገረኝ በእግዜር።»

አልተቆጣሁም። ካቻምና ደመወዜን ከኪሱ የሰጠኝ እሱ ነው፤
ከዘጠኝ መቶ ቃሌም አርባ ሦስቱን ያስቀረልኝ እሱ ነው።
«አንዳንድ ቦታ ቅሬታ አለ» ይላል፤ ስም የለው፣ ቀን የለው፤
ወረቀቱ ሳስቶ፣ ከጀርባ የአከፋፋዩ እሸት ነው የሚታየው።

እኛ ኪሎውን ብንውጠው፣ ቅዳሜ ደረሰ ቴሌግራም፤
«መርዝ ማዳበሪያ! ሃያ ሰው ሞተ!» አለ። ማንም አልሞተም። ማንም።
እስከ ምሳ አርባ ሺህ ሰው አየው፤ እስከ ማታ ገበያው ተረበሸ፤
ሚዛኑ ቀና የነበረው ቸርቻሪ አዝመራው፣ ሱቁን ዘግቶ ሸሸ።

እንዳላማው ስልኩን አሳየኝ። «ሰው ይህን ነው የሚያነበው፤
ቶሎ በል፣ እኛም እንልቀቀው፤ እሳት ነው ሰው የሚሰበስበው።»

በእኛ አገር ቤት ሲሠራ፣ ምሰሶው ነው ሁሉን የሚሸከመው፤
ጋዜጣም አምድ ነበረው፤ እኛ ግን በሴንቲሜትር ሸጥነው።
ከዚያ ጣራው ለምን ዘመመ እንላለን።

ዛሬ ወይዘሮ ጥሩዓለም ያንኑ ደረጃ ወጡ፤
ማንበብ አይችሉም። ጋዜጣውን ሰጠኋቸው፤ ተቀመጡ።
«የኔ ነገር የቱ ጋ ነው?» ጣቴን ከአርባ ሦስቱ ቃል ላይ አኖርሁ፤
ላስረዳ አፌን ከፈትሁ፤ ተውሁ።
አጠፉት። በመዳፋቸው መዘኑት፣ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ፤
«ይቺም ጎድላለች፣ ልጄ» አሉኝ፣ ያለ ቁጣ፣ ያለ ሳቅ።