ቀለም ቆጠራ

በሌሊቱ ባቡር ሳማርቃንድ ገባሁ፣
ማስመሪያ በብብቴ፣ ደብተር እንደያዝሁ።
«ለኪ፣ ሣዪ፣ ነዪ!» ብሎኛል መምህሬ፤
የሦስት ቀን ሥራ ነው፤ ጀመርሁት ከዛሬ።

ሦስት መድረሳዎች አደባባይ ከበው፣
እንደ ዕርቅ ሽማግሌ ሸንጎ ተሰብስበው፣
አራተኛው ጎን ክፍት፣ ለባለ ጉዳይ የተተወው፤
ገባሁና ቆምሁ፣ ጥፋቴን ሳላውቀው።

«ቀለሙ፦ ሰማያዊ» ብዬ ጻፍሁ ደብተር ላይ፤
ቀና ብል አፈርሁኝ፤ አንድ አይደለም ሰማይ።
አንዱ የነሐሴ ነው፣ ዝናብ ያረገዘ፣
አንዱ ጎህ ሳይቀድ ነው፣ ኮከብ እንደያዘ፣
አንዱ የመዳብ ዝገት፣
አንዱ የጣዎስ፣ አንዱ የጠርሙስ አንገት፣
አንዱ ደግሞ ያኔ፣ በልጅነት፣ በር ጣቴን ሲነክሰው፣
ጥፍሬ ሥር ሰንብቶ የሄደው።

በአገሬ የተማረን «ቀለም ቆጠረ» ይሉታል፤
ይህን ያለ ሰው እዚህ ቢመጣ፣ ስንት ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል?

ከታላቁ ደጃፍ ኋላ ዞርሁ፤ የከለከለኝ የለም።
እዚያ ቀለም የለም።
ጡብ ነው፣ ጭድ ያለው ጭቃ፣ የርግብ ኩስ፣ የተረሳ መሰላል፤
ከፊት ሰማይ ያለው ግንብ ከኋላ አፈር ይላል።
የጥልፍ ጨርቅ ገልብጠው ሲያዩት እንዲሁ ነው፤
አበባው ወዲያ ቀርቶ፣ ወዲህ ቋጠሮው ነው።

የማዕዘኑ ሚናራ ዘመም ብሏል፤ ቱንቢ ጣልሁለት።
አንድ ልጅ በብስክሌት ሲያልፍ
አንገቱን እንደ ሚናራው አዘመመ፤ ሳቅሁለት።
ቁጥሩን ግን ሳልጽፍ ረሳሁት።

ድሮ ተማሪ ባደረባት፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣
ኡስታ ኖርቆቢል ተቀምጠዋል፣ ሸክላ ላይ ቅጠል ሲያወጡ በጥቂት በጥቂት፣ ቀስ ብለው፣ በብሩሽ ጫፍ ፍርጥርጥ።
የልጅ ልጃቸው ዙልሁሞር ታስተረጉማለች፤
አንዳንዴም፣ እጠረጥራለሁ፣ ከራሷ ትጨምራለች።

ሁለት ሸክላ አኖሩ ጉልበቴ ላይ።
«አንዱ የጥንት ነው፣ አንዱ የእኔ፤ እስቲ ለዪ» አሉኝ፤ ልለይ?
የተሰነጠቀውን ጠቆምሁ። ሳቁ፣ የወርቅ ጥርሳቸው እስኪታይ።
«እሱ የእኔ ነው፤ ከምድጃ አቻኩዬ ያወጣሁት ባለፈው፤
የጥንቱ ያ ለስላሳው ነው።»
ዙልሁሞር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
«ያን ቀን ኳስ ጨዋታ ነበረ» አለች፣ ወደ እኔ ጠጋ።

ብሩሽ ሰጡኝ። አንዲት ቅጠል፣ ከምስር የማትበልጥ።
ቀለሙ ጥቁር ነው፤ እሳት ሲነካው ነው ወደ ሰማይ የሚለወጥ።
እጄ ተንቀጠቀጠ። ቅጠሏ አባጨጓሬ ሆነች፤
ትራፊው ጥፍሬ ሥር ገባች።
ልፍቀው ስል እጄን ያዙኝ።
«ከፍ አድርገን እንሰቅላታለን፣ ዓይን ከማይደርስበት» አሉኝ፤
«እዚያ ላይ ያለው ሁሉ የጀማሪ ነው፤
እሱ ብቻ ነው የሚያየው።»

በመጨረሻው ቀን ሻሂ ዚንዳ ወጣሁ፣ የመቃብሮች ጎዳና፤
ወግ አለው ደረጃው፤ ሲወጡ ይቆጠራል፣ ሲወርዱም እንደገና።
ሁለቱ ቁጥር ከገጠመ፣ የተመኙት ይሰምራል።
ሻርፕ ያሰሩ ሴቶች ከንፈራቸው እንደ ጸሎት ይንቀሳቀሳል፤
እኔም ቆጠርሁ፦ ሠላሳ ስድስት።
ስወርድ ሠላሳ አምስት።
አንዱን የት ጣልሁት? ከየትኛው ጉልላት ሥር፣ አፌን ስከፍት?

ከጎኔ የምትወርድ፣ ፌስታል ሙሉ አፕሪኮት የያዘች አሮጊት፣
በጣቴ ቆጥሬ ነገርኋት፤ ገባት።
ወደ ላይ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ አንድ ፍሬ ሰጠችኝና፦
«እንግዲያውስ አልወረድሽም ገና።»

ማታ ባቡሩ ላይ ትኬቴን ስሰጣት፣
ተቆጣጣሪዋ ትኬቱን ትታ ያየችው ጣቴን ነበር፤
ጥፍሬ ሥር ጠቁሯል፣ እሳት ያላየ ሰማይ።
«በር ነከሰሽ?» አለች።
አዎ አልኋት። ትልቅ በር።