የእግር ዜማ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ፀሐይ ወደ ደምቢያ ስታዘቀዝቅ፣
ፒያሳ፣ ከማንደፍሮ ልብስ ስፌት ጀርባ፣ ከአሮጌው የጣሊያን ፎቅ፣
አራት ሆነን እንሰበሰባለን፤ በሩን ገርበብ እናደርጋለን፤
የማናውቀውን አገር የገጠር ጭፈራ በቀስታ እንጫወታለን።

አጉማሴ፣ ከባንክ ጡረታ የወጣው፣ አኮርዲዮን አቅፎ ይቀመጣል፤
ሳንባው በፕላስተር የታሸገ፣ ሲከፈት ያቃስታል፣ ሲዘጋ ያስነጥሳል።
እኔ ቫዮሊን፤ አንገቷ ተሰብሮ ባናጺ ማጣበቂያ የዳነች፤
ጥጋቡ ከበሮ፤ እንየው ማሲንቆ፣ የኔን አራት ክር ባንድ ጭራ የናቀች።

ደብተሩ የሚስ ኦድሪ ነው። በጤና ኮሌጁ ነርስ ስታስተምር
ጠዋት ቁስል ማጠብ፣ ማታ ደግሞ የአገሯን ጭፈራ ነበር።
ጥለት ላይ እንደፈሰሰ ኑግ፣ ባምስት መስመር ነጠብጣብ፤
ስንት ክረምት ፈጀብን አንዷን ገጽ ለማንበብ!
ርእሳቸው በእርጥበት ጠፍቷል፤ የራሳችንን ስም ሰጠናቸው፤
«የአጉማሴ ሳል»፣ «መብራት ሄደ»፣ «የአዘዞ መንገድ» አልናቸው።

አባቴ፣ የበአታው የአቋቋም መምህር፣ አንድ ቀን ገልጠው አዩት፤
ከድጓው ጋር እንደሚያስተያዩ ጣታቸውን በመስመሩ ሰደዱት፤
«ምልክቱስ ይሁን፤ ቃሉን ግን የት ጣሉት?»
«ቃል የለውም አባ፤ ለእግር ነው፤ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው፣
ፊት ለፊት ተያይተው፣ ቀርበው፣ ሸሽተው፣ ተላልፈው…»
መቋሚያቸውን ግራ ቀኝ ዘንበል አድርገው ሳቁ፤
«እንግዲያው ደህና ሰዎች ናቸው፤ መቆም ያውቃሉ፤
ከበሮን ነው ያላወቁ።»

ጥጋቡም ሳይውል ሳያድር ገባችው፤ «ስድስት ናት» አለ፣ «ቁጠሯት፤
ችክችካ እኮ ናት ይቺ፣ ጫማ ያጠለቁላት።»
እንየው ግን ሁለቱን ድምፅ ይዘላል፤ «ቅኝቴ ውስጥ የሉም» ይላል፤
ዜማው እዚያ ሲደርስ፣ ጎደሎ ደረጃ እንደረገጠ ሰው፣ ይንገዳገዳል።

ባለፈው ጥር ሲስተር ዘርትሁን ዚፕ ሊያስቀይሩ መጥተው
ከግድግዳው ወዲያ ሰሙን። በሩን በክርናቸው ገፍተው
«ፈጠናችሁ!» አሉ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።
«እዚያ ላይ ትንፋሽ አለ። እዚያ ላይ እጅ መንሣት አለ።
የሚሮጥ ሰው በምን ጆሮው ይሰማል? እንደገና!»
እኛም እንደ ተገሠጸ ተማሪ፤ አጉማሴ እንኳ አንገቱን አቀና።

«ሚስ ኦድሪ ወንበር ላይ ቆማ ‹ቅረቡ! ተሻገሩ!› ስትል
‹ተሻገሩ!› ብለን እንመልስላት ነበር፣ አዝማሪ ግጥም እንደሚቀበል።
ወንድ አልበቃም ነበር» አሉ፣ ጫማቸውን እያወለቁ፣
«ቁመቴ ረዘም ቢል ወንድ አደረጉኝ፣ ጓደኞቼ እየሳቁ።
ከፊቴ እልፍነሽ ነበረች።»

ሌላ አልጨመሩም። ያን ዘመን ጎንደር ላይ የነበረ አይጠይቅም።

ሁለት እርምጃ ወደ ፊት። እጅ ነሡ። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤
ማንም ከሌለበት ቦታ ላይ የአንድ ሰው ጣት ፈለጉ፤
ያዙት መሰለኝ፤ ባዶውን ቦታ ቀስ አድርገው አዞሩት፣
ወደ ግራ አሳለፉት፣ ዞረው ደግሞ ተቀበሉት።
እግራቸው እንደተማረው፣ ልክ በልኩ፤ ትከሻቸው ግን
ሦስተኛው ዙር ላይ ከዳቸው፤ ከእንየው ጭራ ጋር ሲርገበገብ አየን።
ከግድግዳው ወዲያ የማንደፍሮ መኪና ፔዳሉ ቆሟል።
ያን ዕለት እንየው ድምፆቹን መዝለሉን ማናችንም ልብ አላልን።

«ዚፑ አልቋል» ቢላቸው እንኳ ባዶ እጃቸውን ወጡ፤
ሁለት ጊዜ አስጠራናቸው፤ «እመጣለሁ» ብለው አልመጡ።
ቀሚሱ እዚያው ተሰቅሏል፣ አረንጓዴ፣ ከበሩ ጀርባ፤
ጠርዙ ትንሽ ይነሣል፣ ነፋስ በስንጥቁ ሲገባ።
ስንፈጥን እሱን እናያለን።
ከዚያ፣ ትንፋሽ ካለባት ቦታ ስንደርስ፣ እንቆማለን።