የጠለፍኳቸው አውሮፕላኖች

ሰባ ሁለት አውሮፕላን ጠልፌአለሁ በዚህ ወር፤
ማንም አልከሰሰኝ፣ ማንም አልጮኸ በአየር።
ቦምብ የለኝ፣ ሽጉጥ የለኝ፣ ያለኝ መርፌና ክር፤
ወንበሬ ጁፌር ነው፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ከወታደሩ በር።

ኡስታድ ኢርፋን ይቆርጣል፣ የሲያልኮት ልጅ፤
መቀሱን አያውስም ለዘመድ ለወዳጅ።
እኔ ከኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣
ክር ሲበጠስ በድምፁ የማውቅ፣ እጄ ሳይነካ።

መርከቢቱ ስትመጣ ከተማው ያውቃል፤
ታክሲው ዋጋ ይጨምራል፣
ሲም ካርድ ሻጩ ጀርባውን ያቃናል፣
የኛም ስልክ ይጮኻል።

እኔ አላየኋትም። ግዙፍ ናት ይላሉ፣
አምስት ሺህ ሰዎች በሆዷ እየተኙ እየበሉ፤
ጣራዋ አየር ማረፊያ፣ ከበታች ዳቦ ቤት፣
የጥርስ ሐኪም፣ የጸሎት ክፍል፣ እስር ቤት።
ኢርፋን ይስቃል፤ «ግመል ናት» ይላል፣ «የብረት»፤
በእሱም መጽሐፍ በእኔም መጽሐፍ ያለችው ግመል፣
በሆርሙዝ ቀዳዳ ሹልክ የምትል።

ሌሎችም መጥተዋል።
ፈረንሳዩ ዓርማውን በሚሊሜትር ለክቶ፣
እንግሊዙ ይቅርታ አብዝቶ፣
ህንዱ በዋጋ ከኢርፋን ጋር ተጣልቶ፣ ሻይ ጠጥቶ።
ሁሉም ክንፍ ያዛል፣ ሁሉም ጥርስ፤
ጭልፊት፣ ጊንጥ፣ የሞተ ራስ።
የሄሊኮፕተሮቹ ሰዎች ብቻ ዶሮ አዘዙ፤
ለምን ብል ሳቁ፣ ሃያውንም ገዙ።

ዴልማር ነው ስሙ፤ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ሥራው ነዳጅ መቅዳት፣ ሐምራዊ ሸሚዝ ምልክቱ።
በደረሰኝ ጀርባ ሳለልኝ የመርከቧን ጣራ፤
«ቢጫው በእጁ ያዛል፣ አፍ አይሰማም በዚያ ሥፍራ፤
አረንጓዴው ያስወነጭፋል፣ ቀዩ ቦምብ ይሰቅላል፣
ቡኒው እንደ ሞግዚት አብሶ አሥሮ ያሳድራል።
በጨለማ ሲመለስ ጅራቱ መንጠቆ አለው፤
ከአራቱ ሽቦ አንዱ ካልጠለፈው፣ ባሕሩ ነው።»

ጠለፈው የሚለውን ቃል እኔ አዋስኩት፤
እሱ በጣቱ ነበር ያሳየኝ፤
መስፋትም መያዝም መጣልም በአንድ ቃል መሆኑ
ያን ቀን ገረመኝ።

ወዴት እንደሚበሩ አልጠየቅኩም።
ክር አይናገርም።
ማታ በቴሌቪዥን የፈረሰ ቤት አየሁ፤
የማን ክንፍ እንደመታው አልተነገረም።
ጣቶቼን አየሁ፣
እንደ ሁሌው ነበሩ፣ በመርፌ የተወጉ።

ሃያ አራት ዓርማ አዝዞ ነበር፣ የሁሉንም ስም ጽፎ፤
ሐሙስ ሊወስድ መጣ፣ ኮፍያውን በመዳፉ አጣጥፎ።
አንዱን ከመሃል መዝዞ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤
«ይሄን ስም ፍቺው» አለኝ። ሌላ አልተናገረ።

ሞቶ ነው? ታሞ? ወይስ ተጣልተው?
የደንበኛን ዝምታ እኔ አልፈታም፤ የምፈታው ስፌቱን ነው።
አምስት ፊደል። በምላጭ ጫፍ፣ ከኋላ በኩል፣
እንደ እሾህ እየነቀልኩ፣ ፊደል በፊደል።
ውኃ ረጨሁ፣ በካውያ ተኮስኩት፣ በጥፍሬ አሸሁት፤
ቀዳዳው አልደፈነም።
ወደ መብራቱ ቢያነሱት ስሙ ይነበባል፣
ያለ ክር፣ በብርሃን ብቻ።

ዴልማርም አነሳው። አነበበው።
ከዚያ በደረት ኪሱ ከተተው፣
የሃያ አራቱንም ከፈለ።
መቀሱን የማያውሰው ኢርፋን
የአንዱን ዋጋ መለሰለት፤ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ።

ዓርብ መርከቢቱ ሄደች።
ታክሲው ዋጋውን ቀነሰ።
ሐምራዊውን ቁራጭ ክር አልጠረግኩትም፤
በሲንጀሯ መሳቢያ ውስጥ አለ።
«ምን ያደርግልሻል?» አለኝ ኢርፋን።
«ቀለሙ ያስፈልግ ይሆናል» አልኩት።
የተፈታ ክር ተመልሶ እንደማይሰፋ
እሱም ያውቃል።