ሲቆም የሚግል

ኑኩስ፣ የሐምሌ ቀትር። ሳፓርባይ በነጭ ላዳው
ከጋራዡ በር ደረሰ፣ ፀሐይ እንደ ከብት እየነዳው።
"ሞተሩን አላጠፋም" አለ፣ "ካጠፋሁት አይነሳም።
ጠዋት ቁልፍ ሲነካው ይዘላል፣ መንገዱን አይረሳም፤
ቀትር ላይ ነው የሚከዳኝ፣ ልክ ሲግል፣ ልክ ሲሞቅ፤
ያጓራል፣ ይስላል፣ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ዝም። ድርቅ።"

ሠፈሩ ሁሉ አዋቂ ነው። ባትሪ አሉት፤ ባትሪ ገዛ።
ሞተሪኖ አሉት፤ ቀየረ። ዕዳው ብቻ በዛ።
አንዱ የቦቢናው ነገር ነው ብሎ ማለለት፤
አንዱ ካንዴላውን ነቅሎ በሸሚዙ ወለወለለት፤
አክስቱ ደግሞ "የሰው ዓይን ነው፣ አርፈህ ቁጭ በል" ብላ
ከመስታወቱ ክታብ አሰረች፣ በቀይ ክር ጠቅልላ።

ኦተንያዝ ይህን ሁሉ ሰማ። አንድ ጆሮው አይሰማም፤
በሌላው ሰማ። አይቸኩል፣ የሌላ መካኒክ አያማም።
እኔ ቁልፍ አቀባዩ፣ አስራ ሦስት ቁጥር ይዤ፣ ቆሜ፣
"ኮፋኖውን ክፈት" እስኪለኝ ጠበቅሁ፣ እስኪዝል አቅሜ።

አልከፈተም። ጠየቀው፦
"ሲከዳህ፣ የት ነው ያጠፋኸው?"

"ሐብሐቡን አራግፌ፣ ከገበያ ስመለስ…"
"ለስንት ደቂቃ?"
"ሃያ። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት።"
"አምስት ደቂቃ ከሆነስ?"
"አምስት ከሆነ ይነሳል።"
"ሁለት ሰዓትስ?"
"ሁለት ሰዓት ቆሜ አላውቅም እዚያ።"

"እዚያ" ሲል ድምፁ ወረደ።
ኦተንያዝ ደህናውን ጆሮ ወደ እሱ አዞረ።
"የማን በር ነው?"

"የወንድሜ።
ከመንገዱ ማዶ እቆማለሁ፣ መስኮቴን ዘግቼ።
አባታችን ከሞተ ወዲህ አንነጋገርም፤ የመሬት ነገር ነው።
ልጆቹ ሲወጡ አያለሁ። ትንሿ አድጋለች።
ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ቁልፉን አዞራለሁ፤
ያኔ ነው፣
መንደሩ ሁሉ እያየኝ፣
ይሄ ጉደኛ ሳሉን የሚጀምረው።"

አልሳቅንም። ማለቴ፣ እኔ ትንሽ ስቄ ነበር።

"አጥፋው" አለ ኦተንያዝ።
አጠፋው። ሦስታችንም ጎማ ላይ ተቀመጥን።

"ሞተር ሲሮጥ አይደለም የሚብስበት" አለ፣ እጁን እያበሰ፤
"ሲሮጥ ነፋስ አለው፤ ውሃው ይዞራል፣ እየተመላለሰ።
ሲቆም ነው።
ውሃው ይተኛል፣ ነፋሱ ይቀራል፣
የብረቱ ትኩሳት መውጫ ያጣና ሽቅብ ይሰፍራል፤
ፖምፓው ውስጥ ያለችው ቤንዚን ፈልታ እንፋሎት ትሆናለች።
ፖምፓው ይመታል። የሚመታው አየር ነው፤
ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ባዶ አፉን ሲያላምጥ አይተሃል?"

ሃያ ደቂቃ ሞላ። ቁልፉን አዞረ። ሳል።
ካንዴላ አወጣሁ፦ ደረቅ፣ የቤንዚን ሽታ እንኳ የለው።
"አየህ" አለ፣ "ጠግቦ አይደለም የታነቀው፤ ተርቦ ነው።"

ከባልዲው ጨርቅ ነክሮ ፖምፓው ላይ ጠቀለለ፣
እንደ በሽተኛ ግንባር በመዳፉ ያዘው። ጨርቁ ጨሰ፤
እስከ ስልሳ ቆጠረ፣ አንዴ ተሳስቶ እንደገና ጀመረ፤
"በል አሁን።" ሳፓርባይ አዞረ፤
ላዳው አንዴ ሳለ፣ ደነገጠ፣ ነቃ።

"ከሥሩ ወፍራም ጋስኬት ይገባለታል፤ ሙቀቱን የሚከላከል፤ አዝዣለሁ።
እስኪመጣ ጨርቅና አንድ ጠርሙስ ውሃ አትለይ።"
ገንዘብ ቢዘረጋለት "ለጥያቄ አላስከፍልም" አለው።

ሳምንት አልፎ መጣ። ኮፋኖውን እኔው ነኝ የከፈትሁ፤
የእኛ ጨርቅ ጥቁር ነበር፣ ዘይት የጠጣ፤ ሌላ አየሁ፦
የልጅ ፎጣ፣ ንጹሕ፣ ጠርዙ ላይ ቢጫ ዳክዬ።
ቀና አልሁ ወደ ሳፓርባይ፣ አንድ ነገር ይል ይሆን ብዬ።
"ውሃ አልቆብኝ ነው" አለ፣ "ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን…"
አልጨረሰውም። ማንም አልጠየቀው፣ ያቀበለው ማን እንደሆን።

"ጋስኬቱስ መጣ?"

ኦተንያዝ ፎጣውን አየ። ረጅም ጊዜ አየ።
"አልመጣም" አለው፣ "መንገድ ላይ ነው። ለጊዜው በውሃው ግፋ።"

ጋስኬቱ ከጀርባው፣ መደርደሪያው ላይ ነበር፣ ከነካርቶኑ፤
ማክሰኞ ዕለት እኔ ራሴ ያስቀመጥሁት፣
ከአስራ ሦስት ቁጥሩ ቁልፍ አጠገብ።