የጨበጠችው

አባቴ ገናዥ ነበር፥ አዘዞ፥ በሰፈሩ፤
አውራ ጣትን ካውራ ጣት አጋጥሞ በነጭ ክር ማሰሩ፥
አቡጀዲውን ለክቶ፥ በጥርሱ በጥሶ ጫፉን፥
ዓይኑን ከድኖ ለሟች፥ ገጥሞለት ክፍት አፉን፤
ሙያው ይኸው ነበር።
እኔ ልጁ ደግሞ
ሕያው ነው የማስተኛው፥ በጠባብ አልጋ ላይ፥ ከሲቲ ስካኑ ፊት፤
«ትንፋሽ ያዙ» እላለሁ፥ «ልቀቁ» እላለሁ፥ ጎንደር ሆስፒታል፥ ሌሊት ሌሊት።

ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ፥ ኮሪደሩ ጭር ሲል፥
የአንገረብ ብርድ በመስኮት ስንጥቅ ሾልኮ እፍ ሲል፥
ዶክተር አምሳሉ ጠራኝ። ስክሪኑ ላይ ሴት አለች፤
ከአንዲስ ተራሮች ግርጌ፥ ከፔሩ፥ ፋይል ሆና የመጣች።
ጉልበቷን ካገጯ ገጥማ፥ ቁጭ እንዳለች ታስራ፥
ጥጥ በጥጥ፥ ገመድ በገመድ፥ እንደ ገበያ ጭነት ተቋጥራ።
የኛ ሟች ይጋደማል፤
እሷ የቀጠረችው ሰው የቀረባት መስላ ቁጭ ብላለች።

«ዱሮ» አለኝ፥ «እንዲህ ያለው በመቀስ ነበር የሚከፈት፤
ጥጡ በኖ፥ ቆዳው ተልጦ፥ አጥንት ብቻ ነው የሚተርፍበት።
አሁን በጨረር ነው።»

ጣቴ የማውሱን ጎማ ሲያዞር፥ ብራና እንደሚገልጥ፥
ቋጠሮው ሳይላላ ገባሁ፤ ቅጠል በቅጠል፥ ወደ ውስጥ።
ግራጫ ጉም ነው ጥጡ። አጥንቷ ነጭ፤ ጥርሷ የተበላ፤
ግራ ክንዷ ተሰብሮ ገጥሟል፥ ጥቂት ጎብጦ፥ ግን ያለ እንከን ሌላ።
ማን ይሆን የጠገናት ወጌሻ?
የዳሌዋን አጥንት፥ ባሏ እንኳ ያላየውን፥ ስሟን ሳላውቅ አየሁ፤
መቀስ አልያዝሁም፥ ግን ይኼስ መግፈፍ አይደል ወይ? አልሁ።

ቀኝ እጇ ግን ተጨብጧል። መዳፏ ውስጥ አንዳች አለ፤
ድንጋይ ቢሆን በነጣ፥ ብረትም ቢሆን ባብለጨለጨ፤ ይኸኛው ከጥጡ ጋር ተመሳሰለ።
ጠጉር ነው? ቅጠል? የሕፃን እትብት?
«ቢፈቱት...» አለ ዶክተሩ፥ ሳይጨርሰው ተወው።
አልዋሽም፤ እኔም መቀስ አማረኝ፤ ጣቴ አየሩን ቆረጠው።

ልጅ ሳለሁ፥ ውሃ ይዤ፥ አባቴን ሳግዝ አንድ ቀን፥
አያ ደስይበለው ሞተው፥ ጨብጠው አየን ቀኝ እጃቸውን።
ልጆቻቸው ተጣደፉ፤ «የሣጥኑ ቁልፍ ነው! ፍታው!» አሉ።
አባቴ ክሩን በምራቁ አርሶ፥ እንደማይሰማ ሁሉ፥
«እኔ የተማርሁት ማሰር ነው፤
የሚፈታ ሌላ ፈልጉ» አለና፥ እጁን ከነጭብጡ ገነዘው።
ሣጥኑን ማታ በፋስ ፈለጡት። ምን እንዳገኙ አልሰማሁም።

መብራት ሄደ።
ጄኔሬተሩ አጓርቶ እስኪነሣ፥ በጠቆረው መስታወት
የኔ ፊት ብቻ ቀረ፥ እሷ በነበረችበት።
ሲበራ ሪፖርቱን ጻፍሁ፦
«ቀኝ እጅ፦ የተጨበጠ። የያዘችው፦ አልታወቀም።»
ዶክተሩ አነበበ። «ያንሳል» አለ፤
ግን አልሰረዘውም።