መብራቱን አጥፉ

ከሳንድስፒት ወጣን፣ ጀልባዋ ትንሽ ናት፣
ስምንት ሰው ከነሻንጣው ጠቅጥቀን የሞላናት፤
ሮዌና መሪውን፣ እኔ ምድጃውን ይዤ፣
የወፍ ወሬ ሲነሳ የምቆም ፈዝዤ።
ደሴት ከደሴት ጀርባ፣ ጭጋግ በጭጋግ ላይ፣
በሀይዳ ግዋይ ደቡብ፣ ጭስ በማይታይ ሰማይ፤
አንድ የቤት ምሰሶ ብቻ፣ ሽበት ለብሶ የተጋደመ፣
ሰው ነበር እዚህ እንዳለ፣ ሳይነሳ የከረመ።

"ፓፊን! በስተግራ!" ይላል አንዱ፤
ሌላው ማንኪያውን ጥሎ፣ ሌላው በአንድ እግር ጫማ፣
መነጽሩ ደረቱን እየደበደበው ይሮጣል።
እኔ የማየው ሾርባው ሲቀዘቅዝ ነው።

ኦስዋልድ ብቻ አይሮጥም።
ሰማንያ አንድ ዓመቱ፤ የሳስካቱን ሰው፣ ፒያኖ ቃኚ፣
አርባ ዓመት ክር ሲወጥር፣ ክር ሲያላላ፣
የሸሸ ድምፅ ሲያሳድድ ኖሮ
አሁን ጆሮው ከዳው።
"መጀመሪያ ቀጭኑ ሄደ፣" ይላል፣ "የወፎቹ፣
ከዚያ የልጅ ልጆቼ፣ ከዚያ የሚስቴ።
የቀረኝ ሞተርና ነጎድጓድ፤ ሁለቱንም አልወድ።"
ደብተር አለው፣ ጥጋጥጉ በውሃ ያበጠ፤
ያየውን በቀለም፣ የሰማውን በእርሳስ ይጽፋል።
እርሳሱ ከተቀረጸ ስድስት ዓመቱ።

በአራተኛው ሌሊት ሮዌና መልሕቅ ጣለች።
"መብራቱን አጥፉ፣" አለች፤ "ስልክም፣ ሲጋራም፣ የምድጃውንም ዓይን።
ዛሬ ይወርዳሉ።"

ወፊቱን አረጋዊት ይሏታል፣ ሽበት አላት ከቅንድቧ፤
ጎጆዋ ከዛፍ ላይ አይደል፣ መሬት ውስጥ ነው ግቧ፣
ከስፕሩስ ሥር ታች፣ ክንድ የሚውጥ ጉድጓድ።
ጫጩቶቹ ሁለት ቀናቸው፣ አንዲት ጉርሻ አልቀመሱ፤
እናትና አባት ከባሕሩ ላይ ይጣራሉ፣
እነሱ በጨለማው ዱር ቁልቁል ይሮጣሉ፣
ስንቃቸው ድምፅ ብቻ።
"መብራት ካዩ ግን እናታችን ብለው እኛ ጋ ይመጣሉ፤
ጠዋት ከወለሉ ላይ ስለቅም ኖሬያለሁ፣" አለች። ሌላ አልጨመረች።

ጠበቅን። ጢማችን ላይ ጤዛ።
የአንዱ ሆድ ጮኸ፤ የማንም እንዳልሆነ ሆነን ዝም አልን።

ከዚያ፦ ጪር፣ ከግራ። ጪር-ጪርር፣ ከቀኝ።
ባሕሩ በየቦታው ስም ይጠራ ጀመር።
ከዱሩም መልስ፣ እርጥብ ብርጭቆ በጣት ሲታሽ ያለ፣
እየቀረበ፣ እየወደቀ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተንከባለለ።
የጥጥ ንዳፊ ያህላሉ አሉ፣ እግራቸው ብቻ ትልቅ። አላየሁም።

ኦስዋልድ ክርኔን ያዘኝ። "ጀመሩ?" አለ ጮክ ብሎ።
ሰው ሁሉ "እሽሽ" አለው፤ እሱንም አልሰማው።

ምን ልበለው? ብነግረው አይሰማ፣
ብጽፍለት ጨለማ።
መዳፉን ዘረጋሁት። ድንች ሲልጥ በዋለ እጄ
መታሁለት፦ ወላጅን በአውራ ጣት፣ ጫጩትን በትንሿ፤
ሲርቁ ላላ፣ ሲቀርቡ ጠበቅ።
"ቀስ፣" አለኝ፤ "ግማሽ ምት ቀደምክ።"
ከየት አወቀ? አልጠየቅኩም። አስተካከልኩ።

ድምፁ ሁሉ ተገናኝቶ ወደ ጥልቁ ሲርቅ
አንድ ቀጭን ከድንጋዮቹ መሐል ቀረ።
መምታት አቆምኩ።
"ቀጥል፣" አለ።
በትንሿ መታሁ። በትንሿ። ደግሞ በትንሿ።
አውራ ጣቴ አየር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።
በኋላ፣ እጅግ ከሩቅ፣
ወይ ሰምቼ፣ ወይ ተመኝቼ፣
አንዴ አሳረፍኳት።
እጁን ጨበጠ፣ ጣቴን ከውስጡ እንደያዘ።

ጠዋት የአጃ ገንፎ ይዤ ስመጣ ደብተሩ ክፍት ነበር።
"አረጋዊት" ይላል፣ አዲስ በተቀረጸ እርሳስ፤
ቀጥሎም "በወጥ ሠሪው እጅ የተሰማ።"
ከሥሩ፣ በጣም አነስ ባለ ጽሕፈት፣
"የመጨረሻው ምት ያጠራጥራል።"

ሳህኑን አስቀመጥኩለት።
ማር ጨመርኩበት፣ ሳይጠይቀኝ።