ዛፍ ሥር ያለ ሥር

ኢስቶኒያ ደቡብ፣ ቮሩ ከሚሉት ደን፣
ከአለቃዬ ከታርሞ ጋር ዛፍ ልንገዛ ሄድን፤
እሱ በደብተሩ ግንድ እየቆጠረ፣
ቀይ ቀለሜ ለግንድ ማተብ እያሰረ።

ሚያዝያ ነበረ፤ ጭቃው ጫማ ይስባል፣
የታርሞ መንጋጋ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል።
ጥርሱን ነው ያመመው። ሐኪም ቤቱ ሩቅ፣
እሱ ግን በሻርፕ ውስጥ ዋጋ የሚጠይቅ።

ባለደኗ ሄልሚ በር ላይ ቆማ አየችው፣
እንግዳ አትልም፤ «ክፈት አፍህን» አለችው።
አየች፤ ዝም አለች፤ ወጥታ ጎንበስ ብላ፣
ከበርቹ ጥላ ሥር አፈሩን ፈንቅላ፣
አበባው ያልወጣ፣ ቅጠሉ የደቀቀ፣
እዚህ ግባ የማይሉት፣ ደኑም የናቀ፣
ሥሩን መዘዘችው፣ ጢሙ በጭቃ ርሶ፣
ቅርንፉድ አወደኝ ካፈር ሥር ገስግሶ!

የገና ብስኩት ነው፤ የእናቴ ማጀት ነው፤
ከዚህ ከጭቃ ሥር ማን ሰርቆ ቀበረው?

ስሙን ነገረችኝ ባገሬው አነጋገር፣
ከተሜ ነኝ፤ ጠፋኝ ገና ደን ሳልሻገር።
ቢራ እንዳይኮመጥጥ ይነክሩት ነበረ፣
አሁን ማን ይጠምቃል? ሰው ከተማ ቀረ።

«ንከሰው» አለችው። ነከሰው አለቃ።
ምላሱ ደነዘዘ፣ ሕመሙም አበቃ፤
ዋጋ ሊናገር ሲል «ፍፍፍ» ሆነ ቃሉ፣
«ስንት ሺህ?» ትላለች፤ ይንቀጠቀጣሉ
ከንፈሮቹ ብቻ፣ ቁጥር ሳያበቅሉ።

«የት ነው የሚበቅለው?» ብዬ ጠየቅኋት፣
ጣቷን ቀሰረችው ቀለሜ ወዳለበት።

ይኼ ተረት አይደል፤ ጣሪያዋ ያፈሳል፣
ባሏ ከሞተ ወዲህ ዕዳ በር ያንኳኳል።
በሦስተኛው ሳምንት ፈረመች ሰሜኑን፣
«ደቡቡ ለጥርስ ነው» ብላ ዘጋች በሩን።

ሰሜኑን ቆረጥን። ግንዱ ተጫነ፣ በቃ።

በመኸር ተመልሼ ጉቶ ስቆጥር ዋልሁ፣
ማታ ፎቄ ላይ ወጥቼ ካልሲዬን አወለቅሁ፤
ዙሪያውን መንጠቆ፣ ጥቃቅን ዘር ይዞት፣
የማላነበው ውል እንደ ተፈረመበት።
አንድ ባንድ ነቅዬ በመስኮት ጣልሁት፣
ከመኪና ማቆሚያው ዳር ካለች ኩርማን አፈር።
ይብቀል አይብቀል፣ ምን አውቄ።

አበባውን እስከ ዛሬ አላየሁትም።
ቢጫ ነው ብላኛለች፣ ትንሽ፣ አምስት ቅጠል ብቻ፤
የሚወጣው በሰኔ ነው።
በሰኔ እኔ ሌላ ደን ውስጥ ነኝ፣
ማተብ አስራለሁ።